ጠዋት ችግኙ የለም! ማን በላው? የጓሮ አትክልት ችግርና መፍትሄ

ሰኔ መጨረሻ ላይ ደብረ ብርሃን ጓሮዬ ውስጥ 30 የጥቅል ጎመን ችግኝ ተክዬ ተኛሁ። ጠዋት ስቆጥር 19 ሆኗል። ጎረቤቴን እትዬን ጠየቅኳቸው። «ቀንድ አውጣ ነዋ! አመድ ነስንሺበት» አሉኝ። ነሰነስኩ። በማግስቱ 14 ቀረ።

እትዬ አላጠፉም። በክረምት ደጋ ላይ ችግኝ ሲጠፋ ቀድሞ የሚጠረጠረው ቀንድ አውጣ ነው፣ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። የኔ ጥፋት ቁስሉን ሳላይ መድኃኒት መፈለጌ ነበር። አንዱ ቅጠል ይበሳል፣ አንዱ ግንድ ይቆርጣል፣ አንዱ ከሥር ይጎትታል። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው ምንም አይሠራም። ስለዚህ የታችኛውን ሁሉ ከማንበባችሁ በፊት ወጥታችሁ የተጎዳውን ችግኝ ቁጭ ብላችሁ እዩት።

ቅጠሉ ተበሳስቷል፣ አፈሩ ላይ የሚያብለጨልጭ መስመር አለ

ይሄ ቀንድ አውጣ ነው። ቅርፊት ያለውም የሌለውም ስማቸው አንድ ነው፤ ጎመንና ሰላጣ ላይ የባሰው ግን ቅርፊት የሌለው፣ ለስላሳው ነው። ቀዳዳው ቅርጽ የለውም፣ ትልቅም ትንሽም ይሆናል። የሚያብለጨልጨው መስመር የተሳበበት ልጋግ ነው። ፀሐይ ሳይበረታ ካላያችሁት ደርቆ ይጠፋል። ገና ሁለት ቅጠል ያወጣ ችግኝ ከሆነ ጨርሶ ይበላዋል፤ የሚቀረው መስመሩ ብቻ ነው።

ቀን ቀን የጾመ ይመስላል። ድንጋይ ሥር፣ ጣውላ ሥር፣ የተጣለ ጀሪካን ሥር ይተኛል። እኛ አገር ደግሞ ጓሮው ሁሉ በድንጋይ ካብ የታጠረ ነው። ለእሱ ሆቴል ነው። ካቡን አፍርሱ አልልም። ግን መደቡን ከካቡ አንድ ሁለት ሜትር አርቁት፤ በመሃል ያለውን ሣር አጭዱት። በዚህ ብቻ ጉዳቱ ሲቀንስ አይቻለሁ።

ከዚያ ወጥመድ ነው። እርጥብ ማዳበሪያ ጆንያ ወይም ቁራጭ ጣውላ ማታ መደቡ ጠርዝ ላይ አኑሩ። ጠዋት ገልብጡት፤ ተሰብስበው ታገኟቸዋላችሁ። በእንጨት እየለቀማችሁ ሳሙና ያለበት ውኃ ውስጥ ጨምሩ። በባዶ እጅ አትንኳቸው። በሰው ላይ ችግር የሚያመጡ ጥገኛ ትሎች ሊይዙ ይችላሉ። ሰላጣም ጥሬውን ከመብላታችሁ በፊት በደንብ እጠቡት። ድንጋይ ስታነሱ እንደ ዕንቁ የነጣ፣ የተከማቸ ትንንሽ እንቁላል ካያችሁ የእነሱ ነው፤ ጨፍልቁት።

ሌላው ወጥመድ አተላ ነው። ውጭ አገር ቢራ ያስቀምጣሉ፤ የሚስበው የእርሾው ሽታ ነው። እኛ ቢራ የምናፈስበት ምን አስጨነቀን? ማኅበር ወይም ዝክር ካለፈ በኋላ የሚቀር ጠላና አተላ አይጠፋም። የቲማቲም ድልህ ጣሳ አፈር ውስጥ ቅበሩ፤ አፉ ግን ከመሬት አንድ ጣት ያህል ከፍ ይበል። እኩል ካደረጋችሁት ቀንድ አውጣ የሚበሉት ጠቃሚ ጥንዚዛዎችም ይገባሉ። ግማሹን ሙሉት፤ በሁለት ሦስት ቀን ቀይሩት። ክዳን ነገርም አድርጉለት፣ ዝናብ ያቀጥነዋል። የኔን የመጀመሪያውን ጣሳ የሰፈር ውሻ ጠጥቶት አደረ። ከዚያ ወዲህ ድንጋይ ደግፌ ጣውላ አለብሰዋለሁ።

አመዱስ? ይሠራል፣ ደረቅ እስከሆነ ድረስ። ሐምሌ ላይ ጠዋት ነስንሳችሁ ከሰዓት ዝናብ ሲመጣ ጭቃ ነው። በየቀኑ እየጨመራችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ አፈሩን ታበላሹታላችሁ። የእንቁላል ቅርፊት ሲባልም ሰምታችኋል። የእንግሊዝ ንጉሣዊ የአትክልት ልማት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ባደረገው ሙከራ የእንቁላል ቅርፊት፣ የመዳብ ቴፕና የበግ ፀጉር እንክብል ሰላጣ ዙሪያ አድርጎ ምንም ካልተደረገለት ሰላጣ ጋር አወዳድሮ ነበር። በጉዳቱ ላይ ልዩነት አላገኘም። የመንዝ በግ ፀጉር ባገራችን ሞልቷል፤ ለባና ይሻላል። ጨው ደግሞ ቀንድ አውጣውን ይገድላል፣ ችግኙንም አብሮ። አፈር ላይ ጨው አትበትኑ።

ሱቅ የሚሸጠው እንክብል መርዝ ውስጥ ሜታልዲሃይድ ያለበት ካለ ለውሻና ለዶሮም መርዝ ነው። ልጅና ዶሮ በሚዞርበት ጓሮ እኔ አላስገባውም።

ውኃ የምታጠጡ ከሆነ ጠዋት አጠጡ። ማታ ያጠጣ ሰው ለቀንድ አውጣው መንገድ አረጠበለት ማለት ነው።

ግንዱ ተቆርጦ፣ ቅጠሉ እዚያው አጠገቡ ወድቋል

የኔ 16 ችግኞች የሄዱት በዚህ ነው። ግንዱ ከአፈሩ ልክ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ቅጠሉ ግን አልተበላም፣ እዚያው ተኝቶ ይጠወልጋል። ልጋግ የለም። ይሄ ቆራጭ ትል ነው። አንዷ ትል በአንድ ሌሊት ሁለት ሦስት ችግኝ ትጥላለች። የሚያናድደውም ይሄ ነው፤ በልታ ብትጠግብ ባልከፋ!

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ጠዋት ከወደቀው ችግኝ ዙሪያ ያለውን አፈር በጣታችሁ ጫር ጫር አድርጉ። ብዙ አትቆፍሩ፤ አምስት ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ወፍራም፣ አፈር የመሰለች፣ ስትነኳት ክብ ሠርታ የምትጠቀለል ትል ታገኛላችሁ። እኔ በአንድ ጠዋት ሰባት አውጥቼ ለዶሮዎቹ ሰጠሁ። አመዴን ስነሰንስ እነሱ ከሥሩ ተኝተው ነበር።

ለተተከለው ችግኝ አንገትጌ አድርጉለት። የሃይላንድ ላስቲክ በመቀስ ቆርጣችሁ ስምንት፣ አሥር ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ቀለበት አውጡ። ችግኙን መሃል አድርጋችሁ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህሉን አፈር ውስጥ አስገቡት። ከአንድ ሃይላንድ ሁለት ይወጣል። ግንዱ እርሳስ ሲያህል ማንሳት ትችላላችሁ፤ ያኔ አትደፍረውም።

ዋናው መፍትሄ ግን ከመትከል በፊት ነው። የእሳት እራት የምትመስለው እናቷ እንቁላሏን አረም ላይ ትጥላለች። አረሙን ዛሬ ነቅላችሁ ነገ ጎመን ከተከላችሁ፣ የተራበው ትል ያለው ምግብ የናንተ ችግኝ ብቻ ነው። መሬቱን ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ ቆፍሩ፤ አፈሩን ለፀሐይና ለወፍ ገልጣችሁ ተዉት። በዚያ ሰሞን ዶሮዎቹን ልቀቁባቸው። ከተከላችሁ በኋላ ግን ዶሮ ራሱ ጠላት ነው፤ ትሉን ፍለጋ ችግኙን ይጭረዋል።

ወድቋል፣ ግን አልተቆረጠም

ገና መደብ ላይ ያለ ችግኝ ወገቡ እንደ ክር ቀጥኖ፣ ጠቁሮ ከተኛ ነፍሳት አትፈልጉ። ፈንገስ መሰል በሽታ ነው። መነሻው እርጥበትና መጨናነቅ ነው። ዘሩን እንደ ጤፍ የበተነ ሰው መደብ ላይ በብዛት አይቼዋለሁ።

የወደቀው አይነሳም። የተጠቁትን ከነአፈራቸው አውጡና ውኃውን ቀንሱ። መደቡን ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉ፣ በመስመር ዝሩ፣ የበቀለውን አሳሱት። ያለበሳችሁትን ሣር ዘሩ ብቅ ሲል አንሱ። በሚቀጥለው ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ መደብ አታውጡ።

ቅጠሉ ወንፊት ሆኗል

ቀዳዳዎቹ የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ፣ ብዙና እኩል ከሆኑ፣ እጃችሁን ስታስጠጉ እንደ ቁንጫ የምትፈናጠር ትንሽ ጥንዚዛ ናት። ደረቅና ፀሐያማ ቀን ትወዳለች። ቀንድ አውጣ ላይ ዝናብ የሚያበላሸው አመድ እዚህ ጋ ይሠራል፤ ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ቅጠሉ ላይ ነስንሱ። ስስ የአጎበር ጨርቅ ማልበስ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል።

ቀዳዳው ሙሉ ሳይሆን እንደ መስኮት ስስ ሽፋን የቀረበት ከሆነ የጎመን ትል ነው። ቅጠሉን ገልብጡ። ትንሽ አረንጓዴ ትል ስትነኳት እየተወራጨች በክር ተንጠልጥላ ትወርዳለች። ይቺ ትል በዓለም ዙሪያ ብዙ ዓይነት ፀረ ተባይ ተላምዳለች። በየሳምንቱ መርጨት የተረፉትን ጠንካሮቹን ማርባት ነው። በጥቂት ችግኝ ላይ መልቀም ይበቃል። ጣርማ በርን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ያላችሁ ኒም ዛፍ ካገኛችሁ ፍሬውን አድርቃችሁ ውቀጡ፤ 50 ግራም በአንድ ሊትር ውኃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩ፣ አጥልሉና ሲመሽ ርጩ። ፀሐይ ላይ ቶሎ ኃይሉን ያጣል።

ቅጠሉ ተጠቅልሏል፣ ያጣብቃል

ክሽክሽ ነው፤ ቅጠል ላይ የሚከማቹ ትንንሽ ነፍሳት። ጎመን ላይ ግራጫ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ዝናብ ጋብ ሲል ይበረታል። ጥቂት ከሆነ በውኃ ግፊት እጠቡት። ከበዛ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውኃ በጥብጣችሁ የቅጠሉን ጀርባ አርጥቡ፤ መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሩት። ቀይ ሆና ጥቁር ነጥብ ያላትን ጥንዚዛ ካያችሁ ግን ተዉዋት። ክሽክሽ የምትበላው እሷ ናት።

ከነሥሩ ጠፍቷል

አጠገቡ የአፈር ቁልል ካለ ፍልፈል ነው። ካሮትና ድንች ላይ ይብሳል። ጉድጓዱን ብትከፍቱበት ሊደፍን ይመለሳል፤ ወጥመድ የሚያኖሩ ሰዎች የሚጠቀሙት ይሄን ጠባዩን ነው። የአፈር ቁልል ከሌለና ቅጠሉ ተነጭቶ ከሆነ ወፍ ነው፤ መረብ ያስፈልጋል። ጭረት ካለ የማን ዶሮ እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ጠዋት የተቀቀለ መስሎ አድሯል

ኅዳርና ታኅሣሥ ከሆነ፣ ቀዳዳም ልጋግም ትልም ከሌለ፣ ውርጭ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ጥርት ካለ ቃሪያና ቲማቲም ጠቁሮ ያድራል። ማታ ችካል ተክላችሁ ጆንያ አልብሱ፣ ቅጠሉን ግን አይንካው። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ግለጡት።

አሁንም ካልለያችሁ

ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ባትሪ ይዛችሁ ውጡ። ቀንድ አውጣውም ቆራጭ ትሉም ሥራ ላይ የሚሆኑት ያኔ ነው። እኔ እትዬን ጠርቼ አብረን ወጣን። በነጠላቸው ተሸፋፍነው ጎንበስ ብለው አዩ። ትሏ ግንዱን እንዳቀፈች ነበር። «አይ አንቺ ሌባ!» አሏትና፣ ወደ እኔ ዞር ብለው «በይ ያንን ላስቲክሽን ለኔም ቁረጪልኝ» አሉኝ።