ጃፓንኛ ማንበብን በራስ መማር፦ ከሂራጋና እስከ መጀመሪያዎቹ ካንጂዎች

ጃፓንኛ የሚጻፈው በሦስት ዓይነት ጽሕፈት ነው፤ ሦስቱም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተቀላቅለው ይመጣሉ። ሂራጋናና ካታካና እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ፊደላት አሏቸው፤ የሚወክሉት ድምፅ አንድ ነው፣ መልካቸው ግን ይለያያል። ሦስተኛው፣ ከቻይና የመጣው ካንጂ ነው፤ ምልክቱ ድምፅን ብቻ ሳይሆን ትርጉምን ይወክላል። የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2010 ያሻሻለው የዘወትር ካንጂዎች ዝርዝር 2,136 ይዟል። ቁጥሩ አያስደንግጥ፤ ለጊዜው ሥራው ከ46ቱ ሂራጋና ጋር ብቻ ነው።

ሀ ሁ ሂ የቆጠረ ሰው አሠራሩ አይገርመውም፤ ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ እንደኛው አንድ አንድ ምልክት አላቸው። ችግሩ፣ በእኛ ፊደል «ቀ»ን ያወቀ «ቁ»ን መገመት ሲችል፣ በሂራጋና የካና የኪ መልክ ምንም አይዛመድም። እያንዳንዱን ለብቻው መያዝ ግድ ነው። ከ«ን» በቀር ሳድስም የለም፤ ሆቴል «ሆቴሩ» የሚሆነው ለዚህ ነው።

በቀን አንድ ረድፍ፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ 5 ፊደል ይያዙ፤ በ10 ቀን ገደማ ያልቃል። እያንዳንዱን ድምፁን እያሉ 10 ጊዜ በእጅ ይጻፉ። በማግስቱ አዲስ ከመጀመርዎ በፊት የትናንቱን ሳያዩ ይጻፉት፤ ያልመጣልዎት ካለ የዚያን ቀን አዲስ ረድፍ ይቀንሱ። ከፊደሉ በላይ በቀኝ ሁለት ጭረት ሲታከል ካ ጋ፣ ሳ ዛ፣ ታ ዳ፣ ሃ ባ ይሆናል፤ ትንሽ ክብ ስትታከል ደግሞ ሃ ፓ ይሆናል። እነዚህን እንደ አዲስ ፊደል አይቁጠሯቸው። የሚምታቱትን ግን ጎን ለጎን ጽፈው ያነጻጽሩ፦ ኑና ሜ፣ ሩና ሮ፣ እንዲሁም ዋ፣ ኔና ሬ። ኑና ሩ መጨረሻቸው ላይ ቀለበት አላቸው፤ ሜና ሮ የላቸውም። ከዋ፣ ከኔና ከሬም ቀለበት ያለው ኔ ብቻ ነው፤ ዋ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ሬ ወደ ውጭ ይወጣል።

በፊደሉ ሥር በአማርኛ «ካ» ብሎ መጻፍን ከመጀመሪያው ቀን ይተዉ። ዓይን ሁልጊዜ የሚያውቀውን ስለሚያነብ ሂራጋናው ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ሌላም ምክንያት አለ። «ኪቴ» ቴ ላልቶ «መጥተህ» ወይም «ና» ሲሆን፣ ቴ ጠብቆ ቴምብር ነው። ጃፓንኛው መጥበቁን ከቴ በፊት ትንሽ «ጹ» በማስገባት ያሳያል፤ በእኛ ፊደል ግን ሁለቱም «ኪቴ» ናቸው። «ገና»ን አጥብቆና አላልቶ መለየት ለለመደ ጆሮ ይህ ቀላል ነው፤ ሌሎች ተማሪዎች ወራት የሚፈጁበትን በነፃ አግኝተነዋል።

የምንቸገረው በአናባቢ ርዝመት ነው፤ አማርኛ በርዝመት ትርጉም አይለይምና። «ኦባሳን» አክስት ናት፤ ባ ሲረዝም አያት ትሆናለች። «ቢሩ» ሕንፃ ነው፤ ቢ ሲረዝም ቢራ ይሆናል። በካታካና ርዝመቱ በአንድ መስመር ይታያል። በሂራጋና ግን ረጅም ኦ አብዛኛውን ጊዜ በ«ኡ»፣ ረጅም ኤ ደግሞ በ«ኢ» ይጻፋል። ቶክዮ ስትጻፍ «ቶ-ኡ-ክዮ-ኡ» ነች፤ ሲያነቧት ኡዎቹን አይጥሯቸው፣ ኦዎቹን ያርዝሙ። ስልክዎ ላይ የጃፓንኛ ኪቦርድ ይጫኑና ቃላቱን ይጻፉ፤ ርዝመቱን ከዘለሉ የፈለጉት ቃል ስለማይመጣልዎት ስሕተቱ ወዲያው ይታወቃል።

ካታካና በተመሳሳይ ፍጥነት ይሄዳል፣ ግን ቶሎ ይረሳል፤ በብዛት የሚጻፍበት የውጭ ቃልና የውጭ ስም ስለሆነ በየመስመሩ አይገኝም። መድኃኒቱ የታወቁ ስሞችን ማንበብ ነው። ኢትዮጵያ «ኤ-ቺ-ኦ-ፒ-ኣ» ተብላ ትጻፋለች፤ ይርጋጨፌን በቡና ማሸጊያ ላይ «ኢ-ሩ-ጋ-ቼ-ፌ» ሆኖ ያገኙታል። ሺና ጹ ብዙ ሰው ያሳስታሉ፦ በሺ ትንንሾቹ ጭረቶች በግራ በኩል ተደራርበው ረጅሙ ከታች ወደ ላይ ይሳባል፤ በጹ ትንንሾቹ ከላይ ተሰልፈው ረጅሙ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ንና ሶም በዚሁ መንገድ ይለያሉ፣ ትንሹ ጭረት አንድ ብቻ ከመሆኑ በቀር።

ካንጂን ነጥሎ ንባቡን ሁሉ መሸምደድ ድካሙ ብዙ፣ ጥቅሙ ጥቂት ነው። አንዱ ካንጂ ብዙ ጊዜ ቢያንስ ሁለት ንባብ አለው። «ኒቺዮቢ» (እሑድ) በሦስት ካንጂ ይጻፋል፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው አንድ ናቸው፣ የፀሐይና የቀን ምልክት፤ መጀመሪያ ላይ «ኒቺ»፣ መጨረሻ ላይ «ቢ» ተብሎ ይነበባል። ስለዚህ ቃሉን ሙሉውን ይያዙ። የጃፓን አንደኛ ክፍል ተማሪዎች በሚማሯቸው 80 ካንጂዎች ይጀምሩ። ለክለሳ አንኪ የተባለው የካርድ መተግበሪያ በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ነፃ ነው፤ በአይፎን ያስከፍላል። በቀን ከ10 አዲስ ቃል አይለፉ፤ ክለሳው ሲከመር ነው አብዛኛው ሰው የሚያቆመው። ሲጽፉ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይሂዱ፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ በጣት እየሳሉ የሚፈልጉባቸው መዝገበ ቃላት ካንጂውን ላያውቁት ይችላሉ።

ዓረፍተ ነገሩ ለእኛ ይቀላል፤ ግሡ እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ ነው። «ዋታሺ ዋ ሚዙ ኦ ኖሙ» ቃል በቃል «እኔ ውሃን እጠጣለሁ» ነው፤ «ኦ» የእኛን «ን» ሥራ ይሠራል። የሚወራለትን የሚጠቁመው «ዋ» እዚህ ላይ የሚጻፈው በ«ሃ» ፊደል መሆኑን ልብ ይበሉ። በቃላት መካከል ክፍት ቦታ የለም፤ ብዙውን ጊዜ ከሂራጋና በኋላ ካንጂ ሲመጣ አዲስ ቃል ተጀምሯል ማለት ነው። «ታቤታ» (በላ) መዝገበ ቃላት ውስጥ ካልተገኘ «ታቤሩ» ብለው ይፈልጉ፤ ካንጂው አይለወጥም፣ የሚለወጠው ተከታዩ ሂራጋና ነው።

ከዚያ ታዶኩ (ብዙ ማንበብ) በሚባለው ዘዴ፣ በደረጃ የተከፋፈሉና በነፃ የሚገኙ አጫጭር መጻሕፍት ያንብቡ። በካንጂዎቹ ላይ ንባባቸው በትንሽ ሂራጋና ተጽፏል፤ ፉሪጋና ይሉታል። ከዝቅተኛው ደረጃ ይነሱ፣ ያልገባዎትን ይዝለሉ፣ ከከበደዎት መጽሐፉን ይቀይሩ። ፉሪጋናውን በወረቀት ሸፍነው ሁለተኛ ጊዜ ሲያነቡት የትኛውን ካንጂ በእርግጥ እንደያዙ ይለያል።