በክላውድ ሰርተፊኬት ፈተና ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሦስት ወር ያጠኑበትን ፈተና በሰዓት ስህተት ማጣት ያንገበግባል። ስለዚህ ከትምህርቱ በፊት ከቀጠሮው እንጀምር። ምሳሌዎቹ ሰርቨርና ማከማቻ በኢንተርኔት ከሚያከራየው ከአማዞን ዌብ ሰርቪስስ (ኤደብሊውኤስ) ፈተናዎች የተወሰዱ ናቸው፦ ክላውድ ፕራክቲሽነር 100 ዶላር፣ ሶሉሽንስ አርኪቴክት አሶሺዬት 150 ዶላር ያስከፍላል።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ማንበብ

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሊፈተን የፈለገ ሰው «3:00 ኤኤም» የሚለውን ከነካ የያዘው ከሌሊቱ 9 ሰዓትን ነው። እቤት ሆኖ የሚወሰደው ፈተና ሌሊትም ስለሚሰጥ ሲስተሙ «ተሳስተሃል» አይልም። መምረጥ የነበረበት 9:00 ኤኤምን ነው። ቀኑም እንዲሁ ያምታታል፤ መስከረም 12 ሴፕቴምበር 12 አይደለም፣ ሴፕቴምበር 22 ወይም 23 ነው። ከከፈሉ በኋላ በኢሜይል የሚመጣውን ማረጋገጫ ከፍተው ሰዓቱ በምሥራቅ አፍሪካ የሰዓት ቀጠና መሆኑን ይዩ። ስህተት ካገኙ ቀጠሮውን እስከ ሁለት ጊዜ መለወጥ ይቻላል፤ ግን ከፈተናው 24 ሰዓት በፊት መሆን አለበት።

ስምን እንደመጣ መጻፍ

አካውንቱ ላይ ያለው ስም ከመታወቂያው ጋር መግጠም አለበት። «ተስፋዬ» በአንዱ ሰነድ በዋይ፣ በሌላው በኢ ሊያልቅ ይችላል፤ ተቆጣጣሪው ደግሞ አማርኛ አያነብም። ፓስፖርት ካለዎት ፊትዎ ዘርግተው ከዚያ ላይ ፊደል በፊደል ይቅዱ። ይህን ሳይከፍሉ በፊት ያድርጉት።

ተጨማሪ 30 ደቂቃውን ቀጠሮ ከያዙ በኋላ መጠየቅ

እንግሊዝኛ አፍ መፍቻ ቋንቋው ላልሆነ ሰው ኤደብሊውኤስ 30 ደቂቃ ይጨምራል፤ የክላውድ ፕራክቲሽነር 90 ደቂቃ ወደ 120፣ የሶሉሽንስ አርኪቴክት 130 ደቂቃ ወደ 160 ከፍ ይላል። የሚጠየቀው ግን ቀጠሮ ከመያዝ በፊት ነው። አንዴ ከተፈቀደ ለቀጣዮቹ ፈተናዎችም ያገለግላል። የእንግሊዝኛ ጥያቄ ረጅም ነው፣ ደጋግሞ ማንበብ ያስፈልጋል፤ «እኔ ፈጣን ነኝ» ብሎ መተው ትርፍ የለውም።

ለላፕቶፑ ብቻ ማሰብ

መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ ዋይፋዩ ግን አብሮ ይጠፋል። ባሕር ዳርም ሆነ ፍኖተ ሰላም የሚፈተን ሰው ለራውተሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ) ወይም ባትሪ ያለው የሲም ሞደም ያዘጋጅ። በስልክ ሆትስፖት መመካት አይመከርም፤ ስልኩም ከእጅ መራቅ አለበት። የመሥሪያ ቤት ወይም የዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ደግሞ ፋየርዎሉ የፈተናውን ሶፍትዌር ሊዘጋው ስለሚችል፣ ፈተናውን የሚያስፈትነው ድርጅት ፒርሰን ቪዩ የሚሰጠውን የሲስተም ሙከራ በዚያው ላፕቶፕ፣ በዚያው ኢንተርኔትና በዚያው ክፍል ቀድመው ይሥሩት።

የፈተናው መግቢያ ከቀጠሮው 30 ደቂቃ በፊት ይከፈታል። ከቀጠሮው ሰዓት 15 ደቂቃ ካለፈዎት ገንዘቡም ፈተናውም ቀረ። በአራቱም በኩል የክፍሉን ፎቶ ያነሳሉ፤ ጠረጴዛው ባዶ ይሁን፣ ሁለተኛ ስክሪን ካለ ይነቀል። ሰው ወደ ክፍሉ ከገባ ፈተናው ሊቋረጥ ይችላል፤ ለቡና የሚጠራዎት ጎረቤት እንዳይመጣ ለቤተሰብ አስቀድመው ይንገሩ። ጥያቄውን ከንፈር እያንቀሳቀሱ ማንበብም ማስጠንቀቂያ ያመጣል። ድምፅ እያሰሙ ማጥናት የለመደ ሰው ከሳምንታት በፊት በዝምታ መለማመድ ይኖርበታል።

በዳምፕ መመካት

ዳምፕ ማለት ከፈተናው ወጡ ተብለው የሚሰራጩ ጥያቄዎች ናቸው። በቴሌግራም በሚሸጡት «የወጡ ጥያቄዎች» ውስጥ መልሳቸው የተሳሳተ ብዙ ነው። ከተደረሰበት ደግሞ ሰርተፊኬቱ ይሰረዛል።

ሳይነኩ ማጥናት፣ ከነኩ በኋላ ሳያጠፉ መተው

ቪዲዮ ብቻ ያየ ሰው የኔትወርክ ግንኙነትን የሚያጣሩትን ሁለቱን፣ ሴኪዩሪቲ ግሩፕንና ኔትወርክ ኤሲኤልን ያምታታል። አንዴ በእጁ የሠራ ግን አይረሳውም፦ ሴኪዩሪቲ ግሩፕ ያስገባውን ግንኙነት መልስ ራሱ ያስወጣል፣ ኤሲኤል ግን የመውጫ ሕግም ለብቻው ይፈልጋል። ልምምዱ ሲያልቅ የሠሩትን ሁሉ ያጥፉ። የተረሳ ናት ጌትዌይ (የግል ኔትወርክ ውስጥ ያሉ ሰርቨሮችን ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኝ) በቨርጂኒያ ሪጅን በሰዓት 0.045 ዶላር ይቆጥራል፤ ምንም መረጃ ባያልፍበትም በወር ከ32 ዶላር በላይ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል ይሄ ነው። አካውንቱን በከፈቱበት ቀን የ1 ዶላር የበጀት ማስጠንቀቂያ ያስቀምጡ።

ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ቃል አለማንበብ

ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው። ከአራቱ ምርጫዎች ሁለቱ ወይም ሦስቱ ሊሠሩ የሚችሉ ይሆናሉ፤ የሚለያቸው በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ያለ መስፈርት ነው። «በአነስተኛ ወጪ» ካለና ሥራው ቢቋረጥ የማይጎዳ ከሆነ መልሱ ወደ ስፖት ኢንስታንስ (አማዞን መልሶ ሊወስደው ወደሚችል ርካሽ ሰርቨር) ያደላል። «በአነስተኛ የአስተዳደር ድካም» ካለ ግን በኢሲ2 (በሚከራይ ሰርቨር) ላይ ራስ የሚጫን ዳታቤዝ ወድቆ አርዲኤስ (አማዞን የሚያስተዳድረው ዳታቤዝ) ይመረጣል፤ ምክንያቱም በኢሲ2 የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ማዘመን የእርስዎ ሥራ ነው፣ በአርዲኤስ የአማዞን። ስለዚህ መጀመሪያ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ያንብቡ፣ ከዚያ ታሪኩን።

«ሁለት ምረጥ» በሚለው አንዱን ብቻ ማግኘት ከፊል ነጥብ አያሰጥም። ፈተናው ካለው 65 ጥያቄ 15ቱ ለውጤት አይቆጠሩም፤ የትኞቹ እንደሆኑ አይነገርም፣ ስለዚህ ባልተማሩት ነገር ላይ ሲደርሱ ልብዎ አይውደቅ፤ ለኋላ ምልክት ያድርጉና ይለፉ። ግምት አይቀጣም። ባዶ የተተወ ግን እንደ ስህተት ይቆጠራል፤ ሰዓቱ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ባዶዎቹን በሙሉ ይሙሉ።