ወፍራም ሰንጢን ለዓመታት ማሠራት፦ ከጎንደር ክረምት እስከ ጭነቅ ብርድ

የሰንጢ ዕድሜ ያለው ማጠፊያው ላይ ነው። አፉ ቢዶለዱም ይሳላል፣ እጀታው ቢቧጨር ምንም አይሆንም። ማጠፊያው ከላላና መቆለፊያው ካለቀ ግን ሰንጢው የባለቤቱን ጣት ይቆርጣል። ለከባድ ሥራ የሚሆን ሰንጢ ብረቱ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፣ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ክብደቱም ብዙውን ጊዜ ከ150 ግራም በላይ ነው። ውፍረቱን አይተው ሰዎች የማይሰበር ይመስላቸዋል፤ ያ ሁሉ ብረት ግን የሚዞረው በአንዲት ብሎን ላይ ነው።

ፍተሻው

ሰንጢውን ከፍተው እጀታውን በአንድ እጅ፣ የብረቱን ጀርባ በሌላው እጅ ይያዙና ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይነቅንቁት። ከተወዛወዘ የማጠፊያው ብሎን ላልቷል፤ ይጠብቃል፣ ችግሩም ያበቃል። ቀጥለው ወደ ላይና ወደ ታች ይነቅንቁት። በዚህኛው አቅጣጫ የሚነቃነቅ ከሆነ ያለቀው መቆለፊያው ወይም ብረቱ ሲከፈት የሚያርፍበት ማቆሚያ ነው፤ ብሎን ቢያጠብቁ አይድንም።

በብዙዎቹ ሰንጢዎች የሚቆልፈው በእጀታው ውስጥ ያለ ላሜራ ነው፤ ብረቱ ሲከፈት ወደ ጎን ብቅ ብሎ ከኋላ ይደግፈዋል። ላሜራው የብረቱን ሥር ከውፍረቱ ከሩብ እስከ ግማሽ ድረስ ከያዘ ጤነኛ ነው። ተንሸራትቶ ማዶ ያለውን የእጀታ ግድግዳ ከነካ አልቋል። ለማረጋገጥ ጣቶችዎን ብረቱ ከሚታጠፍበት መንገድ ሙሉ በሙሉ ያውጡና የብረቱን ጀርባ እንጨት ላይ ቀስ አድርገው መታ መታ ያድርጉት። ከታጠፈ ያ ሰንጢ ከሥራ ይውጣ።

ገና ሊገዙ ከሆነ ማጠፊያው በምን ላይ እንደሚዞር ይጠይቁ። በኩሽኔታ የሚዞረው ለስለስ ብሎ ይከፈታል፣ ነገር ግን በበጋ የሚነሳው አቧራ በጥቃቅን ኳሶቹ መካከል ገብቶ እንደ አሸዋ ያንቋቋል። ለዚህ አገር የነሐስ ሮንዴላ ያለው ይሻላል፤ ቆሻሻን ይችላል፣ ሲጸዳም አያስቸግርም።

የሚሠራውና የማይሠራው

ማዳበሪያ መቅደድ፣ ገመድና ካርቶን መቁረጥ፣ ያረጀ ጄሪካን መሰንጠቅ፣ የድንኳን ካስማ መጥረብ፣ ሸንኮራ አገዳ መላጥ፤ ይህ ሁሉ ሥራው ነው። ቀይ ሽንኩርት ላይ ግን አይወዱትም። ወፍራሙ ብረት ሽንኩርቱን እንደ ሽብልቅ ይሰነጥቀዋል እንጂ አያሳሳውም፤ ለወጥ ቤት ቀጭን ቢላ ይያዙ።

ሰንጢ የሚገድሉ ሁለት ልማዶች አሉ። አንዱ በጫፉ የቀለም ቆርቆሮ ክዳን መፈልቀቅ ነው። ጠንካራ ብረት ወደ ጎን ሲጣመም አይታገስም፤ ጫፉ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ቀንጠብ ይላል። ሁለተኛው ጀርባውን በድንጋይ እየመቱ እንጨት መፍለጥ ነው። የእያንዳንዱ ምት ኃይል በቀጥታ የማጠፊያው ብሎንና መቆለፊያው ላይ ያርፋል። ወደ ላይና ወደ ታች የሚነቃነቅ ሰንጢ ባዩ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኼ ነው። ለእንጨት ፋስ አለ።

አጠባው

1. ብረቱን ከፍተው ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ የማጠፊያውን ሁለት ጎንና የእጀታውን ውስጥ ይፈትጉ። የሸንኮራ ጭማቂና የባሕር ዛፍ ሙጫ የሚደርቁት እዚያ ነው።

2. ውኃው ውስጥ እንዳለ 10 ጊዜ ያህል ይክፈቱ፣ ይዝጉ፤ ጥቁር ውኃ መውጣቱን እስኪያቆም ይደጋግሙ።

3. አራግፈው፣ በጨርቅ ጠርገው፣ ክፍቱን ለአንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ ያኑሩት። ቶሎ ይድረቅ ብለው ከከሰል ምድጃ አጠገብ አያስጠጉት።

4. ማጠፊያው ላይ በእያንዳንዱ ጎን አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት። ከአንድ ጠብታ ያለፈው አቧራ ይሰበስባል።

የኑግ ዘይት ቤት ውስጥ ስላለ ብዙዎች እሱን ያንጠባጥባሉ። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኝ የሚደርቅ ዘይት ነው፤ በሳምንታት ውስጥ ወደ ሙጫነት ተለውጦ ማጠፊያውን ያጣብቀዋል። ምግብ የሚነካውን ብረት ለመቀባት ደግሞ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ፈሳሽ ፓራፊን ይበቃል፤ አይደርቅም፣ አይሸትም።

ብሎኑ ከላላ ኮከብ ቅርጽ ያለው ካቻቢቴ ያስፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜ ቲ6 ወይም ቲ8 ነው። በአንድ ጊዜ የዙር አንድ ስምንተኛ ብቻ ያጥብቁ፣ ይሞክሩ፣ ይድገሙ። ብረቱ በቀላሉ እየተከፈተ ሳይወዛወዝ ሲቀር ያቁሙ። በየሳምንቱ የሚላላ ከሆነ ጥርሱ ላይ አንድ ጠብታ ሰማያዊ የብሎን ማጣበቂያ ያድርጉበት። ቀዩን አይጠቀሙ፤ ያለ ሙቀት አይፈታም፣ ጉልበት ሲጨምሩ የብሎኑ ራስ ይበላል።

አሳሳሉ

ለከባድ ሥራ በየጎኑ 20 ዲግሪ ገደማ ተስማሚ ነው። መለኪያ አያስፈልግም፤ የብረቱ ጀርባ ከድንጋዩ የሚነሳው ከብረቱ ስፋት አንድ ሦስተኛ ያህል ይሁን። 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው 1 ሴንቲ ሜትር ያንሱት።

በ400 ቁጥር ድንጋይ ይጀምሩ፣ ውኃ ያርከፍክፉበት፣ አንዱን ጎን ብቻ ይሳሉ። በተቃራኒው ጎን አፉን ከጀርባው ወደ ውጭ በጥፍርዎ ሲዳብሱ ቀጭን፣ ጥፍር የሚይዝ የብረት ጠርዝ ይሰማዎታል። ይህ ጠርዝ ከሥሩ እስከ ጫፉ ሳይቋረጥ እስኪወጣ ወደ ሌላው ጎን አይሂዱ። ሰዎች «ስየው አልሳል አለኝ» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ቸኩለው ነው። ሁለተኛውን ጎን እንዲሁ ያድርጉ፣ ወደ 1000 ቁጥር ይለፉና እጅዎን እያቀለሉ ጎን እየቀያየሩ ይጨርሱ። ከዚያ በአሮጌ የቆዳ ቀበቶ ሻካራ ጎን ላይ ጀርባውን እያስቀደሙ በየጎኑ 10 ጊዜ ይጎትቱት። ወረቀት ሳይጎትት ከቆረጠ ደርሷል።

መንገድ ላይ ድንጋይ ከሌለ የቡና ሲኒን ይገልብጡ። ሥሩ ላይ ያለው ያልተለበጠ ሻካራ ቀለበት ትንሽ የዶለዶመ አፍን ያስነሳል። በሞተር ለሚዞር ደረቅ ድንጋይ ግን አይስጡት። ብልጭታው ሲወጣ አፉ ይግላል፤ ጠርዙ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ጥንካሬው ሄዷል፣ ከዚያ በኋላ በሳሉት ማግስት ይዶለዱማል።

ክረምትና ብርድ

«ማይዝግ» የተባለ ብረትም ይዝጋል፤ ልዩነቱ የጊዜ ነው። 12 ከመቶ ገደማ ክሮሚየም ያለው ዲ2 የተባለው ብረት ከሐምሌና ነሐሴ እርጥበት ጋር አይስማማም። ሎሚ፣ ደምና ጨው የነካው ሰንጢ በዚያው ቀን ይታጠብ፤ ከበዓል እርድ በኋላ ሳይታጠብ ታጥፎ ያደረ፣ ጠዋት ማጠፊያው ሥር ቡናማ ነጥብ ያበቅላል። ነጥቡ አዲስ ከሆነ በፓራፊንና በጨርቅ ይለቃል። በቆዳ ማኅደር ውስጥ አያስቀምጡት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል።

ከደባርቅ ወደ ሰሜን ተራሮች ለሚወጡ ሌላ ነገር አለ። እዚያ ያለው የጭነቅ ካምፕ ከ3,600 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊቱን በብርድ ያደረ ብረት ሙቅ ማድ ቤት ሲገባ ያልበዋል። ያ ጤዛ ዓይን የማያየው ማጠፊያ ውስጥም ይቀመጣልና፣ ከፍተው በሁለቱም በኩል ጠርገው ይዝጉት።

ጎንደር ላይ በጥምቀት ወደ ቀሃ ወንዝ ሲወርዱ ሰንጢውን ቤት ይተዉት። ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ የሚበሩ ከሆነም የእጅ ሻንጣ ውስጥ አይግባ፤ አጣጥፈው በጨርቅ ጠቅልለው ለጭነት በሚሰጡት ሻንጣ ውስጥ ያድርጉት።