ዳክቱ ለምን ከቢሙ ጋር ይጋጫል? የዲዛይን ችግሮችና የሊን መፍትሄዎች

ስዕሉ አልቋል ተብሎ ወጥቷል። ሳይት ላይ ግን ፎርማኑ ሜትሩን ዘርግቶ «ይሄ እኮ አይገባም» ይላል። ወዲያው ጣት መቀሳሰር ይጀመራል። እኔ እንደማምነው ግን ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው ጋ አይደለም፤ ሥራው ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። ሊን፣ ማለትም ከቶዮታ የመነጨው ብክነትን የመቀነስ አሠራር፣ የሚጠቅመንም እዚህ ላይ ነው።

ምልክት፦ ዳክቱ ቢሙ ሥር አልገባም

ከወለል እስከ ወለል 3.40 ሜትር ነው እንበል። ቢሙ (ወለሉን የሚሸከመው አግዳሚ) 60 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ ከሥሩ 2.80 ይቀራል። 35 ሳንቲ ሜትር ዳክት (የአየር ማስተላለፊያ ቱቦ) ሲጨመር 2.45። አሠሪው ግን ኮርኒሱ 2.70 ላይ እንደሚሆን ተነግሮታል። የሁሉም ስሌት ለየብቻው ልክ ነው፤ አንድ ላይ ሲሆን ግን አይሠራም።

ምክንያቱ ዱላ ቅብብሉ ነው። አርክቴክቱ ጨርሶ ለስትራክቸር መሐንዲሱ ይሰጣል፣ ዳክቱን የሚነድፈው መካኒካል መሐንዲስ ሲደርስ ሁሉም ነገር ተቆልፏል።

መፍትሄው ሦስቱን ከጅምሩ አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነው። አንዱን አማራጭ ቶሎ አትምረጡ። ቁመቱ ያነሰ ቢም፣ ቢም የሌለው የወለል ስላብ (የመሬት መንቀጥቀጥ ባለበት አካባቢ ከባድ ጥንቃቄ ይፈልጋል)፣ ዳክቱን በኮሪደር ማዞር፤ ሦስቱንም ጎን ለጎን አስኪዷቸው። ውሳኔው እስከ መቼ ሊቆይ እንደሚችል ግን ቀን ቁረጡለት። የቶዮታ መሐንዲሶች መኪና ሲነድፉ የሚታወቁበት ዘዴ ነው።

ምልክት፦ ሁሉም «እየሠራሁ ነው» ይላል፣ የሚያልቅ ግን የለም

ፊንላንዳዊው ላውሪ ኮስኬላ በ1992 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ግንባታን የሥራዎች ድምር ብቻ አድርጎ ማየት መጠበቁን፣ ማመላለሱንና ደጋግሞ መፈተሹን እንደሚሰውር አሳይቷል። ዲዛይን ላይም እንዲሁ ነው። የኮለን (የምሰሶ) ብረት ስዕል የቆመው ሠሪው ሰንፎ ላይሆን ይችላል፤ የሊፍቱን ጉድጓድ ልክ እየጠበቀ ይሆናል።

ስለዚህ ከማስረከቢያው ቀን ወደ ኋላ አቅዱ። እያንዳንዱ ባለሙያ «ይህን ለመጨረስ ከማን ምን እፈልጋለሁ?» ብሎ ወረቀት ላይ ይጻፍና ግድግዳው ላይ ይለጥፍ። በየሳምንቱ ሠሪው ራሱ ቃል ይግባ። «ጨረስኩ» ማለት ተቀባዩ ሥራውን ይዞ መቀጠል ቻለ ማለት ነው። ከ10 ቃል 6 ከተፈጸመ 60 በመቶ ነው፤ የቀሩት 4 ለምን እንደቀሩ ጻፉ። ላስት ፕላነር የሚባለው ዘዴ ልቡ ይሄ ነው። እባካችሁ ቁጥሩን ለመቅጫ አታድርጉት። ሰው ከተቀጣበት በሚቀጥለው ሳምንት ቀላል ቀላሉን ብቻ ነው ቃል የሚገባው።

ምልክት፦ ዋጋው ከበጀት አለፈ

ዋጋ የሚሰላው ስዕሉ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ነው። በጀቱን ቀድማችሁ ለመሠረት፣ ለስትራክቸር፣ ለማጠናቀቂያ ከፋፍሉት። ገማቹም እየተሳለ ሳለ አብሮ ይተምን።

ምልክት፦ ስዕሉ ለማጽደቅ ሄዶ እዚያው ተኛ

120 ሉህ በአንዴ ስለተላከ ነው። ከፋፍላችሁ ላኩ። መጀመሪያ የሚቆፈረው መሠረቱ ስለሆነ የመሠረቱ ስዕል ይቅደም። ስህተት ካለም 10 ሉህ ላይ እያለ ይያዛል።