ቁም ሳጥኑ ሞልቶ የሚለበስ ሲጠፋ፦ ችግሩ የተፈታበት መንገድ

ቁም ሳጥኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ጠዋት የሚለበስ ሲጠፋ፣ ብዙውን ጊዜ የጎደለው ልብስ አይደለም፤ ያሉት እርስ በርስ አይስማሙም። ከአንድ ሱሪ ጋር ብቻ የሚሄድ ሸሚዝ ቦታ ይይዛል እንጂ አያገለግልም።

መፍትሔው የጀመረው ከመጣል ሳይሆን ከመለየት ነው። ልብሱ ሁሉ የመስቀያው መንጠቆ ወደ ውጭ ዞሮ ተሰቀለ፤ የተለበሰው ታጥቦ ሲመለስ በተለመደው አቅጣጫ ይሰቀላል። ከ3 ወር በኋላ እንደዞረ የቀረው ካርቶን ውስጥ ገባ። የብርድ ካፖርትና የድግስ ልብስ ግን በዚህ አይዳኙም።

ለቀሩት ፈተናው አንድ ነው፦ ከላይ የሚለበሰው ቢያንስ ከ3 ሱሪ ወይም ጉርድ ጋር ይሄዳል? ሁሉም ከሁሉም ከተስማማ፣ 6 ከላይና 4 ከታች 24 አለባበስ ይሰጣሉ፤ አንድ ጃኬት ሲጨመር፣ በጃኬትና ያለ ጃኬት ተቆጥሮ 48 ይሆናል። ለዚህ 2 መሠረታዊ ቀለም ይበቃል፣ ለምሳሌ ጥቁር ሰማያዊና ግራጫ። ከላይም ከታችም ዝንጉርጉር ከበዛ ስሌቱ ይፈርሳል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ቁጥሩ ከአጠባው ጋር ሳይመዛዘን ሲቀነስ ነው። በሳምንት አንዴ የሚያጥብ ሰው ካልሲና የውስጥ ልብስ እያንዳንዳቸው ከ8 እስከ 10 ያስፈልጉታል፤ እዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም። ጥቂት ልብስ ቶሎ ቶሎ ስለሚታጠብ ቶሎ ያልቃል፤ ስለዚህ ገልብጦ በቀዝቃዛ ወይም በ30 ዲግሪ ውሃ ማጠብ ይሻላል። የሱፍ ሹራብ ከተሰቀለ ትከሻው ይለጠጣል፤ ታጥፎ ይቀመጥ። ካርቶን የሚገባው ሱፍም ታጥቦ ይግባ፤ የብል እጭ ላብ የነካውን ይመርጣል።

ልብሱ ጥቂት ሲሆን የላላ ቁልፍና የተተረተረ ስፌት ወዲያው ስለሚታይ፣ መርፌና ክር እዚያው ቁም ሳጥኑ ውስጥ ማኖር ነው።