ባዝ ሄዳችሁ ዋናውን ነገር ሳታዩ እንዳትመለሱ

ከለንደኑ ፓዲንግተን ጣቢያ በባቡር የእንግሊዟ ከተማ ባዝ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃል። ቅርብ ስለሆነች ብዙ ሰው ጠዋት ሄዶ ማታ ይመለሳል። ፍል ውሃውን ያያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በቃ። በተለይ ሐበሻ እንዲህ አድርጎ ሲመለስ አንጀቴ ያርራል። ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው የዋና ልብስ ይዞ መሄድ ነው። እኛ ፍል ውሃ ሲባል ገብቶ መታጠብ ነው ትዝ የሚለን። የሮማውያኑ መታጠቢያ ግን ሙዚየም ነው፤ አይገባበትም። ውሃው 46 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይዞ ከመሬት ይወጣል፤ በቀን ከ1 ሚሊዮን ሊትር በላይ። በ1978 አንዲት ልጅ በዚሁ ፍል ውሃ ከዋኘች በኋላ ውሃው ውስጥ በነበረ አሜባ ማጅራት ገትር ይዟት ሞተች። ከዚያ ወዲህ መዋኘት ቀረ። መታጠብ ያማራችሁ በ2006 የተከፈተው ቴርሜ ባዝ ስፓ አለላችሁ። ትኬቱ ለብቻው ነው።

ሁለተኛው፣ ያዩትን ሁሉ የሮማ ሥራ ነው ብሎ ማሰብ። ከላይ ሆነው ገንዳውን ቁልቁል የሚያዩት የቄሳሮች ሐውልቶች የተቀረጹት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። የሮማውን ሥራ የምታገኙት ዝቅ ስትሉ ነው። የዓምዶቹን እግር እዩ። የገንዳውን ወለል የሸፈነው እርሳስ የሮማውያን ነው፤ ዛሬም ውሃ ይዟል።

ውስጥ ስትገቡ ደግሞ የእርግማን ጽሑፎቹን ሮጣችሁ አትለፏቸው። ወደ 130 ይሆናሉ። የተበደለ ሰው በስስ እርሳስ ላይ አቤቱታውን ይጽፍና፣ ጠቅልሎ ሱሊስ ሚነርቫ ለምትባለው የፍል ውሃው አምላክ ወደ ምንጯ ይወረውራል። ዶሲሜዲስ የሚባል ሰው ሁለት ጓንት ተሰርቆበታል። ሌባው አእምሮውንና ዓይኑን እንዲያጣ ይለምናል፤ ለጓንት! እኔ እዚህ መስታወት ፊት ብዙ እቆማለሁ። ሰውየው ብርድ እንደመታው፣ እንደተናደደ ይታየኛል።

ከሙዚየሙ ስትወጡ ታላቁ ቤተ ክርስቲያን አጠገባችሁ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድጋር በ973 ዘውድ የደፋው በዚህ ቦታ በነበረው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሰው በሩን አይቶ ያልፋል። ቀና በሉ እንጂ! በግንባሩ ግራና ቀኝ ከድንጋይ የተቀረጸ መሰላል አለ፤ መላእክት ይወጡበታል። ቁልቁል በጭንቅላቱ የሚወርድም አለ። የያዕቆብን መሰላል ለሚያውቅ ሰው ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም።

በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የተደረደሩትን ቤቶች፣ ሮያል ክሬሰንትን፣ በተመለከተ አጭር ነገር ልበል፤ ከፊት ብቻ አትዩት። በ1767 እና በ1774 መካከል የተሠሩት 30 ቤቶች ከፊት አንድ ወጥ ናቸው። ከጀርባቸው ግን ሁሉም እንደ ባለቤቱ ፍላጎት የተለያዩ ናቸው።

ሌላው ስህተት ባዝ ያለችበት ወረዳ በከተማዋ ብቻ ያለቀ መምሰሉ ነው። በ1996 የተቋቋመው ወረዳ ሙሉ ስሙ ባዝ እና ሰሜን ምሥራቅ ሶመርሴት ነው። ራድስቶክ የድንጋይ ከሰል አገር ነበረች፤ ሙዚየምም አላት። ስታንተን ድሩ መንደር ደግሞ በሺህ ዓመታት የሚቆጠር ዕድሜ ያላቸው የድንጋይ ክቦች አሉ። ትልቁ ክብ ከዳር እስከ ዳር 113 ሜትር ገደማ ነው። የአገሬው ሰው እንደሚያወራው ድንጋዮቹ ሰንበትን ሽረው የጨፈሩ ሠርገኞች ናቸው፤ ሙዚቃውን ይጫወትላቸው የነበረው ደግሞ ሰይጣን ነው። ቦታው እርሻ ውስጥ ስለሆነ ጭቃ የሚችል ጫማ አድርጉ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ፌርፊልድ ሀውስን ሳያዩ መመለስ! ጣሊያን አገራችንን ሲወር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1936 ይህን ቤት ገዝተው በስደት ኖሩበት። ብርዱ ያልተስማማቸው እቴጌ መነን ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። ንጉሡ የሕይወት ታሪካቸውን የመጀመሪያ ክፍል የጻፉት ባዝ ሆነው ነው። ጣሊያን በሰኔ 1940 ጦርነቱን ስትቀላቀል ወደ ሱዳን የተነሱትም ከእንግሊዝ ስደታቸው ነው። በ1958 ቤቱን ለአረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ለከተማዋ ሰጡት።

ትልቅ ቤት ነው፤ ግን ቤተ መንግሥት አይደለም። አገሩ በጠላት እጅ የወደቀበት ሰው ዜና እየጠበቀ በዚህ ቤት አራት ክረምት አሳለፈ። አያቶቻችሁ ያን ጊዜ የት እንደነበሩ እያሰባችሁ በግቢው ዞር ዞር በሉ።

እዚህም ላይ የሚሳሳት አለ፤ ሳይጠይቅ ሄዶ በሩን ተዘግቶ የሚያገኘው። እንደ ሙዚየም በየቀኑ ክፍት አይደለም። ስለዚህ ለጎብኚ የሚከፈትበትን ቀን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ የባቡር ትኬታችሁን ከዚያ በኋላ ግዙ። ቤቱ ያለው ከመሃል ከተማ በስተምዕራብ በኒውብሪጅ በኩል ነው። በመኪና ከሄዳችሁ ኒውብሪጅ ፓርክ ኤንድ ራይድ (መኪና አቁሞ በአውቶቡስ ወደ መሃል ከተማ የሚኬድበት ቦታ) አቁሙ፤ መጀመሪያ እዚህ ግቡ፤ ፍል ውሃው ከሰዓት በኋላ ይደርሳል።