ለሙታን ማዕድ ሲዘረጋ፦ በቻይናውያን የመቃብር ጠረጋና በሰባተኛው ወር ምን ይደረጋል?

በጋብቻ፣ በሥራ ወይም በጉርብትና የቻይናውያን ወግ ከሚጠበቅበት ቤት ጋር የተቀራረበ ሰው፣ አንድ ቀን ለሙታን የሚቀርበውን ማዕድ እንዲያግዝ ሊጠራ ይችላል። ያን ጊዜ ምግቡ ምን እንደሆነ ከመጠየቁ በፊት ለማን እንደሚቀርብ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ለቤቱ ቅድመ አያቶች የሚደረገው ለጉዊ ከሚደረገው በቦታውም በአቀራረቡም ይለያልና። ጉዊ የሚባለው ተንከራታች የሙት መንፈስ ነው፤ ያለ ልጅ የሞተ፣ በሰው አገር ወድቆ የቀረ ወይም ዘሩ ተቋርጦ የሚያስታውሰው ያጣ ሰው ጉዊ ይሆናል። በመሆኑም አንዱ ቤት እንደ ጉዊ የሚፈራው ሙት ለሌላው ቤት አያት ሊሆን ይችላል። በእኔ ግምት እንግዶች ከሚሠሯቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ ልዩነት አለመታወቅ የሚመጡ ናቸው።

ስለ ነፍስ ያለውን እምነትም ጥቂት ማወቅ ይረዳል። በጥንቱ አስተሳሰብ የሰው ነፍስ አንድ ብቻ አይደለችም፤ ሦስት ሁን እና ሰባት ፖ እንዳሉት ይነገራል። ሰው ሲሞት ሁን ወደ ላይ ይወጣል፣ ፖ ግን ከሥጋው ጋር ወደ መሬት ይወርዳል። ስለዚህ ሟቹ በቤት ውስጥ ስሙ በተጻፈበት የእንጨት ሰሌዳ ፊት ይከበራል፣ በመቃብሩም ይከበራል፤ በዚያ ላይ በታችኛው ዓለም ዳኞች ፊት እንደሚቀርብ ይታመናል። እነዚህ ሁሉ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ መመርመር ለውጭ ሰው ቢያጓጓም፣ ሥርዓቱን የሚፈጽሙት ሰዎች በየቦታው የሚገባውን ካደረጉ ይበቃቸዋል። ከሞት በኋላ በየሰባት ቀኑ እስከ 49ኛው ቀን መታሰቢያ ይደረጋል፤ በሰባተኛው ቀን የሟቹ ነፍስ ቤቷን ልታይ እንደምትመለስም ይታመናል።

የቤቱ ሙታን ዋና ቀን ቺንግሚንግ የሚባለው የመቃብር ጠረጋ በዓል ነው። በፀሐይ ዑደት የሚቆጠር በመሆኑ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ ኤፕሪል 4 ወይም 5 ይውላል፤ በዋናው ቻይና ከ2008 ጀምሮ የሕዝብ በዓል ሆኗል። ወደ መቃብሩ ሲሄዱ ማጭድ፣ መጥረጊያ፣ ውኃና ጨርቅ ይያዙ። በመጀመሪያ አረሙ ይታጨዳል፣ ቅጠሉ ይጠረጋል፣ የአፈር መቃብር ከሆነ ዝናብ የሸረሸረው ቦታ አዲስ አፈር ይለበሳል። ቀጥሎ የመቃብሩ ድንጋይ ታጥቦ፣ የደበዘዘው ጽሑፍ በቀጭን ብሩሽ ፊደል በፊደል ይቀባል። እዚህ ላይ በራስዎ ግምት ቀለም አይምረጡ። በአንዳንድ አካባቢ ባልና ሚስት አንድ ድንጋይ ሲኖራቸው በሕይወት ያለው ሰው ስም በቀይ ይጻፋል፤ የሟቹን ስም በቀይ የቀባ እንግዳ ወይም የሕያዉን ቀይ ያጠፋ ሰው ቤተሰቡን ክፉኛ ያስደነግጣል። በብዙ የደቡብ አካባቢዎች ደግሞ በመቃብሩ ላይ ወረቀት ተነጥፎ በጠጠር ይጫናል፤ ያ ወረቀት ይህ መቃብር ባለቤት እንዳለው ለአላፊ አግዳሚው ይናገራል።

ከዚያ ምግቡ ይደረደራል፦ ሩዝ፣ ሥጋ፣ ፍራፍሬ፣ በትናንሽ ጽዋዎች የተቀዳ መጠጥ። ከያንግጼ ወንዝ በታችኛው ክፍል በስተደቡብ ባለው በጂያንግናን አካባቢ ከአረንጓዴ ተክል ጭማቂና ከሚጣበቅ ሩዝ የሚሠራው ቺንግቷን የተባለ ድቡልቡል ምግብ አይቀርም። ዕጣኑ ተለኩሶ ታላቅ ቀድሞ ታናሽ ተከትሎ ይሰግዳል፤ እንግዳ ከሆኑ ተራዎ መጨረሻ ላይ ነው፣ ጎንበስ ማለትም ይበቃል። ለሙታን የሚላከው የወረቀት ገንዘብ በሚቃጠልበት ጊዜ፣ በተለይ በሰሜን፣ መሬት ላይ ክብ ይሠመርና ለመቃብሩ በሚያመች አቅጣጫ በር ይተውለታል፤ ጥቂት ወረቀት ከክቡ ውጭ የሚጣለው ተንከራታቾቹ የአያትን ድርሻ እንዳይሻሙ ነው። ይህች ትንሽ ጥንቃቄ የሁለቱን ሙታን ልዩነት ከማንኛውም ማብራሪያ በተሻለ ታሳያለች። ይሁን እንጂ ብዙ ከተሞችና የመቃብር ቦታዎች በእሳት አደጋና በጭስ ምክንያት ማቃጠልን ስለሚከለክሉ፣ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ክልከላ ካለ ነጭ ወይም ቢጫ ክሪሳንተመም አበባ ይዞ መሄድ የተለመደ ነው። ሥርዓቱ ሲያበቃ ምግቡን ቤተሰቡ ይበላዋል፤ ሲሰጥዎ እምቢ አይበሉ።

ሰባተኛው የጨረቃ ወር ግን የሌሎቹ፣ የጉዊዎቹ ነው። በወሩ መጀመሪያ የሙታን ዓለም በር እንደሚከፈት፣ በመጨረሻው ቀን እንደሚዘጋ ይታመናል፤ ዋናው በዓል በ15ኛው ቀን ይውላል። ታዎይስቶች ጆንግዩዋን፣ ቡድሂስቶች ዩላንፐን ይሉታል። የቡድሂስቶቹ ታሪክ፣ ሙሊየን የተባለው መነኩሴ በረኀብ ለምትሠቃይ እናቱ ያቀረበላት ምግብ አፏ ሳይደርስ ፍም እየሆነ ስለ ተቸገረ፣ በቡድሃ ምክር ለመነኮሳት ማዕድ አቅርቦ እንዳዳናት ይተርካል።

በዚህ ወር ለጉዊ የሚቀርበው ማዕድ ከቤት ውጭ፣ በደጅ ፊት ይዘረጋል፤ ወደ ውስጥ መጋበዝ ማለት እንግዳውን ማስቀረት ነውና። በታይዋን የሚደረገውን በቅርበት የተመለከተ ሰው ከጠረጴዛው አጠገብ ውኃ ያለበት ሳፋና አዲስ ፎጣ፣ አንዳንዴም ማበጠሪያና መስታወት ያያል፤ ከሩቅ የመጡት እንግዶች ከመብላታቸው በፊት ፊታቸውን እንዲታጠቡ ነው። በየምግቡ ላይ አንዳንድ የዕጣን እንጨት ይሰካል። ብስኩት፣ የታሸገ ኑድልና ቆርቆሮ ምግብ ማቅረብ ይቻላል፤ ሙዝ፣ ፕለምና ፒር ግን አብረው አይቀርቡም፣ ምክንያቱም የሦስቱ ስም በተከታታይ ሲጠራ በአካባቢው ቋንቋ «ጠርቼሃለሁ፣ ና» የሚል ይመስላል። ጉዊ የሚለውን ቃልም በማዕዱ ፊት አያንሡ፤ ታይዋናውያን «ደጋጎቹ ወንድሞች» ይሏቸዋል።

በመንገድ ዳር የተተወ ምግብ ወይም አመድ ካዩ ዞረው ይለፉ። በሲንጋፖርና በማሌዥያ በዚህ ወር በሚቀርቡ የመድረክ ዝግጅቶች የፊት ረድፍ ወንበሮች ባዶ ከሆኑ አይቀመጡ፤ የተያዙ ናቸው። በታይዋን ኪሉንግ ወደብ በ14ኛው ሌሊት ወደ ባሕር የሚለቀቁት ፋኖሶችም ለሰመጡት መንገድ የሚያሳዩ በመሆናቸው ማንም አይነካቸውም። በየትኛውም ቀን በሚበሉበት ጊዜ ደግሞ ቾፕስቲክን በሩዝ ውስጥ አቁመው አይሰኩ፤ ለሟች የሚቀርብ ሩዝ ያንን ይመስላል።

ማዕዱን ለማንሣት አይቸኩሉ። የዕጣኑ እንጨት እስኪያልቅ እንግዶቹ እየበሉ ነው ተብሎ ይታሰባል፤ ካለቀ በኋላ ወረቀቱ ይቃጠላል፣ ከዚያም የታሸገው ምግብ ለቤተሰቡና ለጎረቤት ይከፋፈላል።